የፖስተኛዋ ጉልበት

የዝናቡ ወራት ገና ማለፉ ነበር። ወገቤን የማፍታታበት ምንጣፍ ልገዛ ወደ አንድ የስፖርት ዕቃ መሸጫ ጎራ ስል፣ ከማሽኖቹ መካከል የማውቀው የሴት ድምፅ ሰማሁ። «እኔ ባለሁበት ለመርገጥ አልተፈጠርኩም» ይላል። ዞር ብዬ ባይ፣ የሕንፃችን ሰው ሁሉ እትዬ ፖስተኛ እያለ የሚጠራቸው ጎረቤቴ ቦርሳቸውን አቅፈው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። የእህታቸው ልጅ ከጎናቸው ቆማ ትለማመጣቸዋለች።

እኚህ ሴት ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ደብዳቤ በእግራቸው ሲያድሉ የኖሩ ናቸው። መሥሪያ ቤቱ ብስክሌት ሲያቀርብላቸው እንኳ «ጎማው እስኪነፋ እኔ ደርሼ እመለሳለሁ» ብለው እንደመለሱት ይወራል። እህታቸው ሕፃን ልጅ ጥላ ስትሞት ልጂቱን ወስደው አሳደጉ፣ አስተማሩ። እሷም አላሳፈረቻቸውም። ፊዚዮቴራፒስት ሆነች፤ የተጎዳ መገጣጠሚያንና የሰነፈ ጡንቻን በእንቅስቃሴ የምታክም ባለሙያ ማለት ነው። ያን ጊዜ ግን የአክስቷ ጉልበቶች ከዷቸው። እትዬ ፖስተኛ ማነከስ ሲጀምሩ ከቤት መውጣት ተዉ። ሕመሙ ብቻ አልነበረም ያስቀራቸው፤ ቦርሳ አንግተው ሲፈተለኩ ያያቸው ሰው እግራቸውን ሲጎትቱ እንዲያያቸው አልፈለጉም። ሐኪሙ ደግሞ ቁርጡን ነግሯቸዋል፤ በጉልበታቸው ዙሪያ ያለው ጡንቻ በመቀመጥ ብዛት እየሟሸሸ ነው፤ እንዲህ ከቀጠለ ምርኩዝም አይበቃቸውም።

እኔን ሲያዩ ፊታቸው በራ። «እንኳን መጡ መምህር። በሉ እርስዎ ፍረዱኝ። ይህቺ ልጅ በመጀመሪያ ደመወዟ የልብስ ማስጫ ልትገዛልኝ ነው።»

መሳቅ አልቻልኩም። በየቤቱ ሸሚዝና ፎጣ የተንጠለጠለበት ማሽን እኔም አይቻለሁ። ልጂቱን ምን ትመልሻለሽ አልኳት። እሷም በትሕትና፣ ማሽን ማስጫ የሚሆነው ለባለቤቱ የማይስማማ ሆኖ ሲገዛ ነው፤ ሲረግጡት የሚያም፣ የሚጮህ ወይም ክፍሉን የሚያጣብብ ዕቃ ማንም አይነካውም፤ ስለዚህ አክስቴን ይዤ የመጣሁት ራሳቸው ረግጠው እንዲመርጡ ነው አለችኝ።

ሻጩ በዚህ መካከል ገብቶ፣ «እማማ፣ ይኼኛውን ይዩት፤ እየሄዱ የዓለምን ጎዳና በሙሉ በስክሪን ያሳይዎታል» አለና ትልቁን የመሮጫ ማሽን አሳያቸው።

«ደብዳቤ የማላደርስበትን ጎዳና ምን ላድርገው?» አሉት እትዬ ፖስተኛ። ቢሆንም ዓይናቸው ማሽኑ ላይ ቀረ። የግድ ከተባለ ይኼ ይሻላል፤ መሄድ መሄድ ነው፤ ያኛው ግን እንደ ሕፃን እሽሩሩ ይላል ብለው ወደ ኤሊፕቲካሉ በአገጫቸው አመለከቱ። ኤሊፕቲካል የሚሉት፣ ሁለት ሰፋፊ የእግር መርገጫዎችና ከእነሱ ጋር ወደፊትና ወደኋላ የሚመላለሱ ሁለት የእጅ መያዣዎች ያሉት ማሽን ነው።

ልጂቱ ወንበራቸው አጠገብ በርከክ ብላ መዳፏን ጉልበታቸው ላይ አሳረፈች። «አክስቴ፣ በመሮጫው ላይ እግርዎ ይነሣና ተመልሶ ያርፋል፤ ባረፈ ቁጥር ክብደትዎ እዚህ ይወድቃል። በኤሊፕቲካሉ ግን እግርዎ ከመርገጫው አይነሣም፤ እንደ እንቁላል ሞላላ እየሠራ ይዞራል። ጡንቻው ይሠራል፣ መገጣጠሚያው አይደበደብም። እጆችዎም ያግዛሉ።»

«ጎዳናው ሞልቶ ተርፎ፣ ቤቴ ውስጥ ስወዛወዝ ሰው ምን ይለኛል? አንቺን ያስተማርኩሽ በእነዚህ እግሮች እኮ ነው።»

«አዎ፣ በእነሱ ነው» አለች ልጂቱ። «እግሮችዎ እኔን አስተማሩ። እኔም የተማርኩትን ለእነሱ ልመልስ፤ ይከለክሉኛል?»

እትዬ ፖስተኛ ቦርሳቸውን ለእኔ አቀበሉኝና የልጂቱን ትከሻ ተደግፈው ተነሡ።

እዚህ ላይ ነው ትምህርትን ያከበርኩት። ልጂቱ አዋቂ ነኝ ብላ አልመረጠችላቸውም፤ ምን መመልከት እንዳለባቸው ነገረቻቸውና ምርጫውን ለእግራቸው ተወችው። መጀመሪያ ከኤሊፕቲካሎቹ ሁሉ ትልቁ ላይ ወጡ። እርምጃው ለቁመታቸው ረዘመና ዳሌያቸውን ሳበው፤ ወረዱ። ሁለተኛው ትንሽና ቀላል ነበር፤ ሲረግጡት ይወላገዳል፤ መንገድ ላይ እንደሚንገጫገጭ ጋሪ ሰውነታቸውን ነቀነቀው። ልጂቱ ውስጡ የሚሽከረከረው ብረት ከባድ ሲሆን አረማመዱ እንደሚለሰልስ አስረዳቻቸው። ሦስተኛው ጌጥ የሌለው፣ መርገጫው ለመውጣት ዝቅ ያለ፣ ስክሪኑም ጠባብ ነው። ይዘው ረገጡ። እንደገና ረገጡ። ሌሎች ገበያተኞች ዞር ዞር እያሉ ያዩዋቸው ጀመር፤ እሳቸው ግን ልብ አላሉም። ሕመሙን በጉጉት የሚጠብቁት ይመስል አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ቆዩ።

«ጉልበቴ ዝም አለ» አሉ በመጨረሻ፣ ለራሳቸው።

ከዚያ ወዲያ ሻጩን የሚያፋጥጡት እሳቸው ሆኑ። ከበታቼ ሰው ይኖራል፤ ድምፁ ወደ ታች ይሰማል ወይ? ቢበላሽ ማን ይሠራዋል? መለዋወጫውስ ይገኛል? መርገጫው ከፍ ሲል ራሴ ጣሪያ አይነካም? ልጂቱ ክፍሉን አስቀድማ ለክታ ስለነበር፣ ከመስኮቱ ሥር እንደሚገባ አረጋገጠችላቸው። ሻጩ ያን ጊዜ «እማማ» ማለቱን ትቶ «እትዬ» ይላቸው ጀመር።

ነገሩ ተአምር አልነበረም። በመጀመሪያው ሰሞን ትንሽ ረግጠው ያርፉ ነበር። አንድ ቀን ልባቸው ሞቆ አብዝተው ጉልበታቸው አበጠ፤ ልጂቱ ቆጣ አለችና አስታገሠቻቸው፤ እንደ ሌላው በሽተኛዋ ሁሉ ቀስ በቀስ እንዲጨምሩ አዘዘቻቸው። እትዬ ፖስተኛም ትእዛዝ መቀበል የሚያውቁ የመንግሥት ሠራተኛ ነበሩና ታዘዙ። ከወራት በኋላ እንቅልፋቸው ተስተካከለ፤ ጭናቸው ጠነከረ፤ ደረጃውን መደገፊያ ሳይዙ መውጣት ጀመሩ። ማሽኑ ላይ አንዲት መሐረብ እንኳ ተሰቅላ አላየሁም።

አንባቢ ሆይ፣ ዕድሜ ሲገፋ አርፎ መቀመጥ ክብር የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። ሰውነት ግን በመቀመጥ ይደክማል እንጂ አያርፍም። መንቀሳቀሻ ዕቃ ስትገዛም ማስታወቂያውን ሳይሆን የራስህን መገጣጠሚያ ጠይቅ፤ የቤትህን ስፋት ለካ፤ የጎረቤትህን ጆሮ አስብ፤ የሕመምህን ጠባይ የሚያውቅ ባለሙያም አማክር። እትዬ ፖስተኛ ይህን ስላደረጉ የተረፉት ከምርኩዝ ብቻ አይደለም፤ ቤት ተዘግቶ ከመቀመጥም ጭምር ነው።

አንድ እሑድ ጧት ከሕንፃው ስወጣ ሁለቱን ከፊቴ አየኋቸው። ጎን ለጎን ሆነው፣ እትዬ ፖስተኛ ድሮ ደብዳቤ በሚያድሉበት መንገድ ይሄዳሉ። ፈጥነው አይደለም፤ ግን ቀጥ ብለው ነው። የዳቦ ቤቱ ባለቤት ከበር ላይ ሆና ስታያቸው እጇን በሽርጧ ጠራርጋ እየሮጠች መጣች፤ አቅፋ ሳመቻቸው፤ ምን መድኃኒት አገኙ ስትል ጠየቀቻቸው። እትዬ ፖስተኛ ስለ ማሽኑ በሰፊው አብራሩላት፤ አማትሽም ጉልበታቸውን ያማቸው የለ፣ ሳይረግጡ እንዳትገዢላቸው ብለው አስጠነቀቋት።

ሴትዮዋ ወደ ወጣቷ ዞር አለችና፣ «ይህቺ ቆንጆ ደግሞ ማን ናት?» አለች።

እትዬ ፖስተኛ ትከሻቸውን ቀና አደረጉ። «ሐኪሜ ናት» አሉ። ቀጥለውም፣ መንገዱ ሁሉ እንዲሰማ ነው መሰል፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «ልጄ ናት» አሉ።