እሁድ የሚል ወረቀት ይዘው ለሚመጡት

— አቤት... ማን ልበል?

— ውይ፣ አንቺ ነሽ እንዴ? ቁጥሩ አዲስ ሆነብኝ። የጓደኛሽ ስልክ ነው? ... እሺ። ደህና ነሽ የኔ ልጅ? ፈተናው እንዴት ሆነ? ... ጎሽ። ጎሽ የኔ እናት።

— እኔማ አዳራሹ በር ላይ ተቀምጬ ነው። ... አዎ፣ የኮንሰርቱ አዳራሽ። ... አይ፣ ኮንሰርቱማ ትናንት አለቀ። ቅዳሜ ነበር፣ አልተሳሳትሽም። ... ሄሎ? ትሰሚኛለሽ? ... ቆይ፣ ወደ ደረጃው ልውጣ፤ እዚህ ድምፅ ይቆራረጣል።

— አሁንስ? ... እህ፣ አሁን ጥሩ ነው።

— ዛሬ ለምን እንደመጣሁ ታሪኩ ረጅም ነው። የሰው ካርድ እንዳልጨርስ። ... ካለችማ እግዜር ይስጣት። ግን እንዳትቆጪኝ። ስህተት ሠርቼ ነበር። ... አይ፣ የተጎዳ ሰው የለም። ... ማን ያባርረኛል፣ ምን ነካሽ። ዝም ብለሽ ስሚኝ፣ ከመጀመሪያው ልንገርሽ።

— ስብሰባው ላይ የተናገርኩትን ነግሬሽ ነበር? ... አልነገርኩሽም? አፍሬ ይሆናል። ኮንሰርቱ ሊደርስ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ከስምንት መቶው ወንበር መቶ አርባው ብቻ ነው ሰው ያገኘው። የቢሮው ልጆች ሁሉ ስልካቸው ላይ አፍጥጠዋል፤ ማስታወቂያውን ይህን ያህል ሰው አየው፣ ይህን ያህል ሰው ወደደው እያሉ። እኔ ጥግ ይዤ ፖስተር እጠቀልላለሁ። ከዚያ ምን እንደገፋፋኝ እንጃ፣ «እኚህን ዘፋኝ የሚወዱ ሰዎች እዚያ የሉም» አልኩ። ... እውነቴን ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ማተሚያ ቤት አንገቴን ደፍቼ የሰው ጽሑፍ ሳርም የኖርኩ ሴትዮ፣ መቼ ስብሰባ ላይ አፌን ከፍቼ አውቃለሁ?

— አለቃዬ? እሱማ... ያ ካፖርት ከላዩ የማይወርደው ልጅ፣ ብነግርሽ ሠላሳም አይሞላው። «ታዲያ የት ናቸው እትዬ?» አለኝ። ያሾፈብኝ መስሎኝ ነበር። ቀና ስል እስክሪብቶ ይዞ ይጠብቀኛል። «ልብስ ሰፊ ቤት ናቸው። ክሊኒክ ግድግዳ ተደግፈው ስማቸው እስኪጠራ ይጠብቃሉ። መነጽር ቤት ናቸው። ጡረታ ሰልፍ ላይ ናቸው» አልኩት። ንድፍ የምትሠራዋ ልጅ፣ ቀለሜ የሚሏት፣ ሳቅ አለችና «እናቴ ሁሉም ጋ አለች» አለች።

— እኮ። ከዚያ ፊደሉ ጎላ ያለ በራሪ ወረቀት ሠራን። ሰማያዊ። ታች ላይ ስልክ ቁጥር፣ ሰው የሚያነሳው። ... አዎ፣ የማነሳው እኔ ነኛ። ጉሮሮዬ እስኪደርቅ ነው ያነሳሁት። አንዱ «ደረጃው ስንት ነው፣ ጉልበቴ ያመኛል» ይላል። አንዷ «የባለቤቴ ጆሮ ይከብደዋል፣ ፊት ወንበር ይገኛል ወይ» ትላለች። ሁሉንም ደብተር ላይ እጽፋለሁ። ማን እንደሆኑ፣ ቁጥራቸውን፣ ምን እንደጠየቁ። ልጆቹ ኮምፒዩተር ሞልቶ ደብተር ትገለብጣለች እያሉ ይስቁብኝ ነበር።

— ቆይ አንዴ። ... ጋሼ፣ ያ በር ይከፈት እንጂ። ዝግ ነው ብለው እንዳይመለሱ። ... ሁለቱንም መዝጊያ፣ አዎ። እግዜር ይስጥልኝ።

— ዘበኛው ናቸው። ከጠዋት ጀምሮ «ነገሩ አልቋል፣ ምን ትጠብቂያለሽ» እያሉ ሲገረሙብኝ ነው የዋሉት። አሁን ግን እሳቸውም ወንበር ይዘው ወጥተዋል።

— እሺ፣ ወደ ስህተቴ። ማክሰኞ ጠዋት አንድ አዛውንት ደወሉ። «ልጄ፣ እሁድ በሩ ስንት ሰዓት ነው የሚከፈተው?» አሉ። «ቅዳሜ ነው አባቴ» አልኳቸው። «ወረቀቱ እሁድ ይላል» አሉኝ። መነጽርዎን ያድርጉ ልላቸው ምንም አልቀረኝ። ወረቀቱ ፊቴ ነበር፣ አነበብኩት። እሁድ ይላል።

— አዎ። ... መጀመሪያ የታሰበው እሁድ ነበር፤ በኋላ ወደ ቅዳሜ ተዛወረ። ትልቁ ፖስተር ላይ አስተካከልኩ፣ በራሪው ላይ ረሳሁት። ያውም ሦስት ጊዜ ያነበብኩት እኔ። ... ደዋዮቹማ ማን ቀኑን ይጠይቃል? ወረቀቱ ላይ አለ እኮ። ከሁለት ሺው አንድ ሺህ አራት መቶው ተበትኖ አልቋል።

— ምን ላደርግ፣ ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ። ቦርሳዬን ይዤ ልሄድ ነበር፣ እውነቱን ልንገርሽ። ... አላለቀስኩም። ... ትንሽ። እና ያኔ ማንን ነው የወቀስኩት መሰለሽ? አንቺን። ሳትጠይቂኝ ያን የሥራ ልምምድ ማመልከቻ ሞልተሽ፣ እዚህ አምጥተሽ አዋረድሽኝ አልኩ በሆዴ። ... አውቃለሁ። ይቅር በይኝ።

— ኋላማ ገባሁ። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት። «ይኸው» አልኩ። አነበበው። ከዚያ መሳቢያውን ከፈተና ያንኑ ወረቀት አወጣ፣ ይታተም ተብሎ የተፈረመበትን። «ይህ ፊርማ የማን ነው እትዬ?» አለኝ። የራሱ ነው። «እኔም አላየሁትም፣ ቀለሜም አላየችውም። ስህተቱ የሁላችን ነው። አራት ቀን አለን» ብሎ ተነሣ። በቃ። ከዚያ ወዲያ ስለ ስህተቱ አንድ ቃል አልተናገረኝም። እስከ ዛሬም አላነሳውም።

— እኔንስ የገረመኝ ይኸው አይደል? የድሮው ማተሚያ ቤት ቢሆን አንድ ፊደል ሲዘለል ስምሽ ግድግዳ ላይ ነበር የሚለጠፈው። እዚያ ዕድሜዬን ሙሉ ስፈራ ስለኖርኩ፣ ሰው ስህተት አይቶ የማይጮህ አይመስለኝም ነበር።

— ቢሮውን ዘጋንና ወጣን። ስድስታችንም። እሱ ክሊኒኮቹን ያዘ፣ ቀለሜ ልብስ ሰፊዎቹን። ወረቀቱ ያለበት ቦታ ሁሉ እየገቡ በቀይ እስክሪብቶ እሁዱን ሰርዘው ቅዳሜ እያሉ ይጽፋሉ። እኔ ደብተሬን ይዤ ስልክ። ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ሰው፣ አንድ በአንድ። «ይቅርታ፣ ተሳስቼ ነው፣ ቅዳሜ ነው» እያልኩ። ... አይቆጡም እኮ፣ ነገሩ ይህ ነው። አንዷ «ደውለሽ የነገርሽኝ አንቺ ብቻ ነሽ፣ ሌላው ሲሳሳት ዝም ነው የሚለው» አለችኝ። በደብተሬ የሚስቅ ጠፋ።

— ሞላ። ጢም ብሎ ሞላ። ከኋላ የቆመም ነበር። ... ዘፋኟማ፣ ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ አሥራ አንድ ዓመት መድረክ አልረገጡም። ማይክሮፎኑን ይዘው ቆሙና ዝም አሉ። ፒያኖ ተጫዋቹ መግቢያውን ሁለቴ ተጫወተው፤ እሳቸው ዝም። እኔ መጋረጃው ጋ ነኝ። ከዚያ ከኋላ ወንበር አንድ ሰው ቀስ ብሎ ጀመረላቸው። ከጎኑ ያለው ቀጠለ። ወዲያው አዳራሹ በሙሉ። እሳቸው ገና አፋቸውን ሳይከፍቱ ሰው ዘፈነላቸው። ... አዎ። በስልክ ማስታወቂያ ሳይሆን በሰማያዊው ወረቀት የመጣ ሰው።

— ዛሬማ... ይኸውልሽ፣ የደወለው ተጽፏል። ያልደወለውስ? ወረቀቱን ኪሱ ከትቶ ዝም ብሎ የሄደውስ? ለሱ ማን ይነግረዋል? ስለዚህ ጠዋት ተነሥቼ መጣሁ። ... ማንም አላዘዘኝም። ለፍቶ የመጣ ሰው ዝግ በር እንዳያገኝ ነው። ፊት ለፊት ይቅርታ የሚለው ሰው እንዲኖር።

— ስድስት መጥተዋል። ሁለት እህትማማቾች፣ አንድ ጫማ ሠሪ ከነሚስቱ፣ አንዲት ነርስ አባቷን ይዛ። ... ተቆጡ እንጂ። ታላቂቱ «ፀጉሬን ተሠርቼ» አለችኝ። ልክ ናት። ወንበር አምጥቼ አስቀመጥኳቸው፣ ውሃ ሰጠኋቸው፣ በሚቀጥለው ኮንሰርት ቦታ እንደሚያዝላቸው ነገርኳቸው። ስምንት ሰዓት ላይ አለቃዬ ከች። «አንቺ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?» ቢለኝ «አንተስ?» አልኩት። ለካ እሱም ይህንኑ አስቦ ነው የመጣው።

— ቆይ ገና ነው። እዚያው ቆመን ሳለ ዘፋኟ ከፒያኖ ተጫዋቹ ጋር መጡ። ትናንት ጫማ ረስተው ኖሯል። የተቀመጡትን አዩና «እነዚህ ምን ይጠብቃሉ?» አሉ። አለቃዬ አፉን ሲከፍት እኔ ቀደምኩት። «በኔ ስህተት የመጡ ናቸው። እርስዎን ነው የሚጠብቁት» አልኩ። ወረቀቱን ከነርሷ አባት ተቀብለው አርቀው ይዘው አነበቡት። «አሥር ሰዓት ይላል» አሉ። «አዎ» አልኩ። «እንግዲያው አሥር ሰዓት ላይ እንጀምራለን» ብለው ጫማቸውን ሊፈልጉ ገቡ።

— እውነቴን ነው። ያለ ማይክሮፎን፣ ያለ መብራት። አለቃዬ አሁን ውስጥ ወንበር ከመድረኩ ሥር እየደረደረ ነው። ... አሥራ አምስት ደቂቃ ይቀራል።

— ስሚኝ፣ አንድ ነገር ልበልሽ፤ አታቋርጪኝ። ያን ማመልከቻ የሞላሽ ጊዜ ሦስት ቀን አላናገርኩሽም። በአርባ ሰባት ዓመቴ ከልጆች እኩል ተለማማጅ ልታደርገኝ ነው ብዬ። ማተሚያ ቤቱ ሲዘጋ እኔም አብሬ የተዘጋሁ መስሎኝ ነበር። ሰው ሁሉ ያንን አምኖ ሲቀበል አንቺ ብቻ ነሽ እምቢ ያልሽው። ... አመሰግንሻለሁ፣ ልጄ። ከልቤ ነው። እስካሁን አላልኩሽም ነበር።

— ሄሎ? ... አለሽ? ... ኧረ ተይ፣ በሰው ስልክ ይለቀሳል እንዴ።

— ሥራውማ... የልምምዱ ጊዜ ትናንት ከኮንሰርቱ ጋር አለቀ። ዛሬ የማንም አይደለሁም። ... አልጠየቅኩትም። ብቻ ቅድም ወንበር ተሸክሞ ሲያልፍ «ሰኞ ሁለት ሰዓት ስብሰባ አለን፣ ደብተርሽን እንዳትረሺ» አለኝ። እሱን አንቺ ምን ብለሽ ትፈቺዋለሽ? ... እኔም እንደዚያ ነው የፈታሁት። ቢሆንም ሰኞ በአፉ እስኪለው ለማንም እንዳትነግሪ። ለአክስትሽም።

— ቆይ፣ ቆይ... ከመንገዱ ማዶ አንድ ሽማግሌ ይመጣሉ። ሰማያዊ ወረቀት ይዘዋል። የኛው ነው። ... ብቻቸውን ናቸው። ክራቫት አድርገዋል፣ አፈር ልብላ። ... ልዝጋው የኔ ልጅ። ጓደኛሽን አመስግኚልኝ። እሺ... እሺ፣ ቻው።

— እንደምን ዋሉ አባቴ። ቀስ ይበሉ፣ ደረጃው ያንሸራትታል። ... እጅዎን ይስጡኝ። ... አይ፣ አልረፈደም። ... አዎ፣ እሁድ። ይግቡ፣ በቀኑ ነው የመጡት።