የታታ ሶዳ እጅ ስለጠፋበት ሁኔታ አራም ጉዬ የሰጠችው ቃል

የቃል ሰጪ ስም፦ አራም ጉዬ
ዕድሜ፦ 27
የትምህርት ደረጃ፦ በሥነ ጥበብ ዲግሪ
ሥራ፦ በስቱዲዮ ተቀጣሪ የነበረች፣ የዲጂታል ብሩሽ ሠሪ
አድራሻ፦ ሴኔጋል፣ ሴንት ሉዊ ከተማ፣ ሶር ሠፈር
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ሐሙስ ኖቬምበር 14 ቀን 2024 እ.ኤ.አ.
ቃሉን የተቀበሉት፦ ሳጅን ማሊክ ቲያም

እኔ ስሜና አድራሻዬ ከላይ የተገለጸው ቃል ሰጪ፣ ዝም የማለት መብት እንዳለኝ ተነግሮኝ፣ ዝም ማለት እንደማልፈልግ ገልጬ የሚከተለውን ቃል ሰጥቻለሁ።

ተቀጥሬ የሠራሁበት የዲጂታል ብሩሽ ስቱዲዮ ባለቤት ሞማር ሴክ «ንብረቴን አጥፍታብኛለች» ሲል ያቀረበው አቤቱታ ተነቦልኛል። ማጥፋቱን አጥፍቻለሁ። «ንብረቴን» የሚለውን አልቀበልም።

የጠፋው ነገር ብሩሽ ነው። ከጸጉርና ከእንጨት የሚሠራው ሳይሆን፣ በታብሌት ስክሪን ላይ ሲሳልበት እውነተኛውን ቀለም እንዲመስል ተደርጎ የሚዘጋጀው ነው። ውሃ ቀለም የሚመስል አለ፣ ከሰል የሚመስል አለ። የእኔ ብሩሽ በአገራችን በመስታወት ጀርባ የሚሳለውን ሥዕል የሚያስመስል ነበር። እሱን ለመሥራት ተማሪ ሳለሁ፣ ከመቀጠሬ በፊት፣ በከተማችን ደሴት ላይ የሚኖሩት የመስታወት ሠዓሊ ታታ ሶዳ ምባይ ቤት አንድ ክረምት ሙሉ ተመላልሻለሁ። ታታ የምላቸው እንደ አክስቴ ስለማያቸው ነው እንጂ የሥጋ ዘመዴ አይደሉም። ብዕራቸው ቀለም ሲጠግብ እንዴት እንደሚወፍር፣ ሊደርቅ ሲል እንዴት እንደሚቆራረጥ፣ ዓይን ሲስሉ ትንፋሻቸውን ይዘው መጨረሻው ላይ እንዴት ነጠቅ እንደሚያደርጉት፣ ሁሉንም ቀርጬ ወሰድኩ። «እጄን ልትወስጂው ነው?» ብለው ስቀውብኛል። «ልገለብጠው ነው ታታ፣ ዋናው እርስዎ ጋ ይቀራል» አልኳቸው።

በመስታወት ሥራ መጀመሪያ የሚሳለው ዓይኑ፣ ቅንድቡና ጌጡ ነው። የፊቱ ቀለም በመጨረሻ ከኋላ ይቀባል። መስታወቱ ሲገለበጥ ቀድሞ የተሳለው ከፊት ይታያል። ስለዚህ ብሩሹን የሠራሁት በኋላ የተቀባው ቀለም ሁልጊዜ ቀድሞ ከተቀባው ሥር እንዲገባ አድርጌ ነው።

ጉዬና ሴክ የሚባሉ ቤተሰቦች በአገራችን ልማድ የቀልድ ዘመዳሞች መሆናችንን ሳጅኑም ያውቃሉ። ሴክ ጉዬን አሽከሬ ይላል፣ ጉዬ ሴክን ሆዳም ይላል፣ የሚቆጣ ነውረኛ ነው። ብሩሹን ወደ ስቱዲዮው አምጥቼ ባሳየሁበት ቀን ሠራተኛው በሙሉ አንድ ትሪ ሩዝ በዓሣ ከቦ እየበላ ነበር። ሞማር ሴክ እጁን ከትሪው ሳያነሳ «የአሽከር ሥራ የማን ነው?» አለኝ።

«የጌታዋ» አልኩት።

«እንግዲያው ይሄ ብሩሽ የኔ ነው።»

«ውሰደው ጌታዬ፣ ይህቺን ዓሣ ብቻ ተውልኝ። ሴክ የበላበት ትሪ ላይ አጥንትም አይተርፍም!»

ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። አሁን በአቤቱታው ላይ «በምስክሮች ፊት በቃሏ ሰጥታኛለች» ተብሎ የተጻፈው ይህ ነው።

ባለፈው ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሞማር ሴክ እንግዶች ጠርቶ ብሩሹን «የሴክ መስመር» በሚል ስም አስመረቀ። መስመሩን ከአያቱ እንደተማረ ተናገረ። ቀጥሎም በትልቁ ስክሪን ላይ የሴት ፊት ልሳል ብሎ መጀመሪያ ፊቱን በሙሉ በቡናማ ቀለም ሞላው። ከዚያ ዓይኖቹን ሲስል ዓይኖቹ ከቀለሙ ሥር ገብተው ጠፉ። ደገመው፣ ጠፉ። ከመስታወት ሠዓሊ ቤት ያደገ ሰው ይህን ስህተት አይሳሳትም።

«አሽከሬ! ዓይኗን የት ደበቅሽብኝ?» ብሎ ተጣራ። እንግዶቹ ሳቁ።

«አያትህ ዓይን እንደሚቀድም አልነገሩህም?» አልኩት።

«ኧረ ጉዬ ተቆጣች! ሩዝ ስጧት፣ ሩዝ!»

ሳቁ ባሰ። አብረውኝ የሚሠሩት ሳይቀሩ ሳቁ፤ በቀልድ ዘመድ የሚቆጣ ሰው የሚያግዘው የለም። እንግዶቹ ሲሄዱ ለብቻው ይዤው፣ በቀልድ የተሰጠ ነገር በቁም ነገር እንደማይወሰድ ነገርኩት። «ሂጂና ለዳኛው ንገሪው፣ እሱም ሳቁን መያዝ ከቻለ» ብሎኝ ሄደ።

ሥራዬን ዓርብ ማታውኑ ለቀቅኩ። ቅዳሜ ጠዋት፣ የይለፍ ቃሌ ገና ስላልተዘጋ፣ ከቤቴ ሆኜ ወደ ስቱዲዮው ሰርቨር ገባሁ። ብሩሾቹ የሚቀመጡት እዚያ ነው፤ ከዚያ ከተነሱ በደንበኛው ታብሌት ላይም አይሠሩም። ብሩሹን አጠፋሁ። ቅጂዎቹን አጠፋሁ። ሞማር ብሩሹን መልሶ እንዳይሠራው ስል ከታታ ሶዳ እጅ የቀረጽኩትንም አጠፋሁ፤ ሌላ ቦታ አላስቀመጥኩትም ነበር። በሰዓቱ ደስ ብሎኛል። ሳጅኑ ይህን ዓረፍተ ነገር ማለሳለስ እንደምችል ቢነግሩኝም እንዳለ እንዲጻፍ ጠይቄያለሁ።

ከዚያ የምሥራች ለመንገር ወደ ታታ ሶዳ ቤት ሄድኩ። ታታ ሶዳ ባለፈው ዓመት ስትሮክ መትቷቸው ቀኝ እጃቸው ከድቷቸዋል። ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ብቻ ጠይቄያቸዋለሁ፤ ያንን እጅ ጭናቸው ላይ ተጋድሞ ማየት አልቻልኩም ነበር። ስደርስ ግቢው ውስጥ ተቀምጠው ታብሌት በግራ እጃቸው ሲወዘውዙ አገኘኋቸው።

«ነይ ልጄ፣ አላህ ነው የላከሽ። ይሄ ነገር ሞተብኝ።»

«ከየት መጣ ታታ?»

«ሞማር ነው የሰጠኝ። በዚህ በማይረባ ግራ እጄ እየተንቀጠቀጥኩ ስጭርበት ያቃናልኛል። የድሮው እጄ ነው ስልሽ! የልጅ ልጄን ለሠርጓ ልስላት ብዬ ዛሬ አንዱን ዓይን ጨርሼ ለሻይ ተነሳሁ። ስመለስ ብዕሩ የለም።»

«ለምን አልነገሩኝም?»

«አፈርኩሻ። ሶዳ በሕፃን መጫወቻ ትስላለች እንዳትዪኝ።»

ስክሪኑ ላይ አንድ ዓይን ብቻ ነበር። ነጠቅ ያለችው የመጨረሻዋ ጫፍ ሳትቀር እዚያው ነበረች። ሞማር ሴክ ታብሌቱን ለማስታወቂያ ይሁን ለጽድቅ ብሎ እንደሰጣቸው አላውቅም። እኔ ግን ያንን እንኳ አላደረግኩም። ያጠፋሁት እኔ መሆኔን ነገርኳቸው። 

«ሞማርን ለመምታት ነው?»

«አዎ።»

«መታሽው?»

ተነስቼ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

እስከ ትናንት ረቡዕ ድረስ ሌላ ሥራ ሳልሠራ ብሩሹን ከትዝታዬ እንደገና ለመሥራት ሞከርኩ። ትናንት ከሰዓት በኋላ ታብሌታቸው ላይ ጫንኩላቸው። ሁለተኛውን ዓይን ሳሉ። አዩት፣ ራቅ አድርገው አዩት።

«ጥሩ ነው። ግን የችኩል እጅ ነው፣ ያንቺ ነው። ልጅቷን ሸውራራ አደረግናት» አሉ። ሊስቁ ፈልገው ነበር። ከዚያ ታብሌቱን ዘግተው ሰጡኝና «ለሞማር መልሺለት» አሉኝ። ይዤው መጥቻለሁ፣ ለሳጅኑ አስረክቤያለሁ።

ሞማር ሴክ «አሽከሬ ይቅርታ ካለችኝ እስቃለሁ፣ ነገሩም ያልቃል» ማለቱን ሳጅኑ ነግረውኝ ሐሳቤን ተጠይቄያለሁ። ለሞማር ሴክ ይቅርታ አልጠይቅም፣ እንዲስቅም አልፈቅድም። ክሱን ይቀጥል። እኔም «የጠፋው ንብረት ባለቤት» በሚለው ቦታ የሶዳ ምባይ ስም እንዲገባ አመልክቻለሁ። ሳጅኑ፣ ወይዘሮ ሶዳ አቤቱታ እስካላቀረቡ ድረስ ይህ እንደማይቻል አስረድተውኛል። ትናንት እንዲከሱኝ ለምኛቸው ነበር። «ሂጂ ወደዚያ፣ ልጅ አይከሰስም» ብለውኛል። እሳቸው እምቢ ስላሉ እኔው በራሴ ላይ መስክሬላቸዋለሁ።

ቃሌ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተነቦልኛል። ማንም ሳያስገድደኝ የተናገርኩት እውነት ነው፤ እንዲቀነስልኝም ሆነ እንዲጨመርልኝ የምፈልገው የለም።

የቃል ሰጪ ፊርማ፦ አራም ጉዬ
ቃሉን የተቀበሉት ፊርማ፦ ሳጅን ማሊክ ቲያም