የአባባ ባቡር ዝም ያለች ዕለት

— ሄሎ?... አቤት፣ ማን ልበል?... አንተ ነህ እንዴ! ቀስ በል፣ ምን ሆነሃል?... ማን ሞተች?!

የስፌት መኪና ጠጋኟ የያዘችውን ካቻቢቴ ለቀቀችው። ሱቁ ውስጥ ተራዋን ትጠብቅ የነበረችው ልብስ ሰፊም አብራት ደንግጣ ከወንበሯ ብድግ አለች።

— ባቡሯ?... የአባባ ባቡር ናት የሞተችው? ኧረ አንተ ሰው፣ ልቤን ልታቆመው ነው!... ቁጭ በይ እህቴ፣ ሰው አይደለም፣ ባቡር ነው... አይ፣ አንተን አይደለም፣ እዚህ ያለችውን ሰው ነው።

ደዋዩ የታናሽ እህቷ ባል ነበር። ሬዲዮ ላይ ዜና ያነባል፤ አማቱ ገና ልጃቸውን ያገባ ሰሞን «ዜና» ብለው ሰየሙት፤ በዚያው ቀረ። ጭንቅ ሲይዘው እንደ ሌላው ሰው አይንተባተብም። ድምፁ ይረጋል፣ ይጎላል፣ ጎርፍ ከተማ ያጥለቀለቀ ይመስል ቃላቱን አንድ በአንድ ያስቀምጣቸዋል።

— እሱን የሬዲዮ ድምፅህን ተወውና በሰው ድምፅ ንገረኝ። ምን አደረግሃት?... ሐዲዱን ወለወልክ። ደግ። በምን?... በምን አልከኝ?... በምግብ ዘይት! እንዲያብረቀርቅ!... ወንድሜ፣ ሐዲድ እኮ ነው፣ ድንች መሰለህ?

ሳቋ መጣባት፤ ግን ዋጠችው። ነገሩ የሚያስቅ ብቻ አልነበረም። አባቷ ዕድሜያቸውን ሙሉ እውነተኛ ባቡር ሲነዱ ኖረው ጡረታ ሲወጡ፣ ጓዳ ጠረጴዛ ላይ ትንሽ ሐዲድ ዘርግተው፣ ጣቢያ ሠርተው፣ ዋሻ ቆፍረው፣ ክንድ የማታክል ባቡር ገዝተው አኖሩ። ዛሬ ጉልበታቸውን ታክመው ከሆስፒታል የሚወጡበት ቀን ነው። እህቷ ልታመጣቸው ሄዳለች። ዜና ደግሞ ቤት ቀርቶ፣ አማቴን ደስ ላሰኝ ብሎ፣ ማንም ደፍሮ የማይነካውን ነካ።

— ስማኝ። ባቡሯ ኤሌክትሪኳን የምታገኘው ከሐዲዱ ነው፣ በእግሮቿ በኩል። አንተ ደግሞ መሃል ላይ ዘይት አፈሰስክበት። አልኮል ፈልግ... የሚጠጣውን አይደለም! የቁስሉን። በንጹሕ ጨርቅ ሐዲዱንም እግሯንም ጥረግ። እጠብቅሃለሁ።

ስልኩን በትከሻዋና በጆሮዋ መሃል ወትፋ የልብስ ሰፊዋን መኪና ከፈተችና ማየት ጀመረች።

— ጨረስክ?... የመቆጣጠሪያው መብራት በርቷል? እሺ፣ ቁልፉን ወደ ቀኝ አዙረው... ምንም?... ትንሽ እንኳ እንደ ንብ ጥዝዝ አትልም? ጆሮህን አስጠግተህ ስማት... ሄሎ? ሄሎ! ትሰማኛለህ?... ጆሮህን አስጠጋ ነው ያልኩህ፣ ስልኩን ማን አስጠጋ አለህ!... ምንም የለም? እንግዲያው ሕመሙ ሆዷ ውስጥ ነው። ትከፍታታለህ... አንተ ነህ እንጂ ማን ይከፍታታል? እኔ አለሁልህ። ገልብጣት፣ ከሥሯ ሁለት ብሎን አለ።

ዜና መክፈት ጀመረ። የከፈተውን ሁሉ እንደ ዜና ያነብላት ነበር፤ እሷም «እ... እ... ቀጥል» ትላለች።

— ሞተሩ ታየህ? ግራና ቀኙ ላይ ትንንሽ ቀዳዳ አለ። በየቀዳዳው የሩዝ ፍሬ የምታህል ጥቁር ካርቦን፣ ከኋላዋ ስፕሪንግ። ካርቦኗ ሞተሩን ካልነካች ኤሌክትሪኩ አይገባም። በወረንጦ ያዝና ቀስ... ቀስ አድርገህ... ምንድን ነው የጮኸው?... ስፕሪንጓ ተፈናጠረች! ወዴት?... በቃ እንዳትንቀሳቀስ!... አዎ፣ ማግኔት ጥሩ ሐሳብ ነው... የት ነው ያለው?... ማቀዝቀዣው በር ላይ? እሺ ተንቀሳቀስ፣ ግን በጥፍርህ ሂድ!

ልብስ ሰፊዋ የራሷን መኪና ረስታ ወንበሯን አስጠጋች። «አገኛት?» ብላ በዓይኗ ጠየቀች።

— አገኘሃት?... የት?... ሸሚዝህ ኪስ ውስጥ!... አግኝቷታል፣ አግኝቷታል። በል አሁን የወዲያኛውን ጎን እይልኝ... ባዶ ነው?... ካርቦንም ስፕሪንግም?... አንተ አላወጣሃቸውም?... አትማል፣ አምኜሃለሁ።

ካቻቢቴዋን አገጯ ላይ ተክላ አሰበች። ከዜና በፊት የከፈታት ሰው አለ።

— እንግዲህ ስማ፦ የገደልካት አንተ አይደለህም። ዘይትህ ሬሳ ነው የቀባው... አታልቅስ እንጂ!... አሁን የግድግዳ ሰዓቱን አውርድ። ከጀርባው የባትሪ ድንጋይ አለ፤ ርካሹ ዓይነት ነው?... ተመስገን፣ ቆንቋናነትህ ዛሬ በጀን። በፒንሳ ላጠው፣ መሃሉ ላይ ጥቁር ዘንግ ታገኛለህ። እሱም ካርቦን ነው። ጫፉን ቆርጠህ ቀዳዳው እስኪቀበለው ሞርደው... ሞረድ የለህም? የሚስትህ የጥፍር ሞረድስ?... አውቃለሁ ትገድልሃለች። በተራ ነው፤ ዛሬ ከአባባ እንትረፍ፣ ነገ ከእሷ... ምን? ነጩን ሸሚዝ ነው የለበስከው?... ወይ ጉድ። በቃ ካሁን በኋላ ጥቁር ነው። ለስፕሪንጉ የእስክሪብቶ ስፕሪንግ ቁረጥ።

የሞረዱ ድምፅ በስልኩ ውስጥ ይሰማት ነበር። ከዚያ ድንገት ቆመ።

— ምነው?... መኪና ቆመ? እነሱ ናቸው?... አይዞህ! ክራንች የያዘ ሰው ደረጃ እስኪወጣ አንድ ዜና ታነባለህ። ካርቦኗን ክተት። ስፕሪንጓን ከኋላ። ክዳኗን ግጠም። አንዱ ብሎን ይበቃል! ሐዲዱ ላይ አቁማት... አዙረው!... ሄደች?... ሄደች?!... ወደ ኋላ? ወደ ኋላም ይሁን፣ ሄደች እኮ! የአቅጣጫውን ማዞሪያ... ሄሎ?... ለምን ዝም አልክ?... ሄሎ?... አባባ?

ከተቀመጠችበት ተነሣች።

— አባባ! እንኳን ለቤትዎ አበቃዎ! ጉልበትዎ እንዴት ነው?... እሺ፣ ጉልበቱ ይቆየን... ማን ሠራት? እሱ ነዋ። እኔማ በስልክ አፌን ብቻ ነው ያዋስኩት... ለምን በሹክሹክታ ያወራሉ?... እጁን ሊታጠብ ወጣ? እሺ፣ ይንገሩኝ።

ብዙ አዳመጠች። የፊቷ ሳቅ ቀስ በቀስ ጠፋ።

— እርስዎ ነዎት የከፈቷት... ክረምቱን ሙሉ ሞታ ነበር?... እጅዎ እየተንቀጠቀጠ... ካርቦኗ ከነስፕሪንጓ ወለሉ ስንጥቅ ውስጥ ገባች። ታዲያ ለኔ አይነግሩኝም? ሥራዬ አይደለም እንዴ?... እሱስ ልክ ነዎት፣ ባቡር የነዳ እጅ ተንቀጠቀጠ ተብሎ አይነገርም... ግን አባባ፣ አመሻሽ ላይ በሩን ዘግተው ስትሄድ የምንሰማትስ? ችክ ችክ ችክ የምትለው?... በእጅዎ እየገፉ... ድምፁንስ?... በአፍዎ?!

ስልኩን በመዳፏ ከደነች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች ልብስ ሰፊዋ መለየት አቅቷት፣ ብቻ አንድ ቁራጭ ጨርቅ ከቦርሳዋ አውጥታ ሰጠቻት።

— አለሁ አባባ... ኧረ አልሳቅሁም... ለማንም አልናገርም፣ በርስዎ ሞት!... ተመለሰ? ምን ሊሉት ነው?... «ወንበር ሳብ አድርግ» ይበሉት፣ አዎ... መቆጣጠሪያውን ለሱ ሰጡት? እውነትዎን ነው?... እጁ አይንቀጠቀጥም፣ ልክ ነዎት። ዓይኑን ከሐዲዱ እንዳያነሣ ይንገሩት... እርስዎስ ታዲያ ምን ሊሠሩ?... እ?... አዎ፣ ትንሿ ባቡር ፉጨት የላትም...

የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጋ ወደ ልብስ ሰፊዋ ዘረጋችው። ረጅም፣ ሙሉ፣ ጣቢያ የሚያስለቅቅ ፉጨት ሱቁን ሞላው። ከዚያ መስመሩ ተዘጋ።