የጋሼ ስኳር

«ዛሬ ደግሞ ቀኑ እንዴት ያምራል ጋሼ! ፀሐይዋ በመስኮት ገብታ ጀርባዎን ታሞቅልዎታለች። ወለሉም ቢሆን እንዴት ንጹሕ ነው... የእንስሳት ሐኪም ቤት እንዲህ ይወለወላል ብዬ መቼ አሰብኩ! እዚያ ቅርጫት ውስጥ ያለችውን ድመት ግን አይዩአት። ነውር ነው፣ በእርስዎ ዕድሜ!»

ልብስ ሰፊዋ ይህን የምትለው እግሯ ሥር ለተጋደመው ውሻ ነው። ውሻው አፉ ዙሪያ ሸብቶ ስለመጣ ገና ቤት የገባ ዕለት «ጋሼ» ተባለ። ጋሼ ከተባለ በኋላ ደግሞ «አንተ» ማለት ከሰው አፍ አልወጣ አለና በአንቱታ ቀረ። ወሬው ግን ለጋሼ አልነበረም። አጠገቧ ተቀምጦ ስልኩን ለሚነካካው ታናሽ ወንድሟ፣ ለፎቶ አንሺው ነበር። እሱን ፊት ለፊት ከተናገሩት እንደ በቅሎ እግሩን ተክሎ ይቆማል፤ ከጎን ጎሸም ሲያደርጉት ግን ይሄዳል። ይህን ከእናታቸው ተምራለች።

ጋሼን ከእንስሳት መጠለያ ያመጣቸው ፎቶ አንሺው ራሱ ነው። አቅፏቸው ፎቶ ተነሣ፤ ጉንጭ ለጉንጭ ገጥሞ ተነሣ፤ ያየ ሁሉ «አንተ እኮ ልብህ ወርቅ ነው» አለው። ብዙም ሳይቆይ ጋሼ ውሃ ማብዛት ጀመሩ። ሳህናቸውን ጨርሰው ወደ ባልዲው፣ ከባልዲው ወደ አበባ ማጠጫው ዞሩ። የጠጡትን ደግሞ ሽንት አድርገው ምንጣፉ ላይ መለሱት። ልክ ያን ጊዜ ፎቶ አንሺው ሥራ በዛበትና ጋሼን እህቱ ቤት «ለጥቂት ቀን» አስቀመጣቸው። ጥቂቷ ቀን ግን ማለቂያ አጣች። እህቱ ብታስመረምራቸው ስኳር ነው ተባለ፤ ጠዋትና ማታ መርፌ፣ በሰዓቱ ምግብ፣ ያውም ዕድሜ ልክ። ይህን ለወንድሟ በስልክ ስትነግረው «ከሚሰቃይ ቢያርፍ አይሻልም?» አላት። መጠለያው የሚያውቀው ባለቤት እሱ ነውና ውሳኔውም የእሱ ነው። ስልኩን ከዘጋች በኋላ የሰው ቀሚስ እጅጌውን ከአንገቱ ጋር ሰፍታው አረፈች። ዛሬ ሦስቱም ሐኪም ቤት የመጡት ለዚሁ ውሳኔ ነው።

«እኔ የምልዎት ጋሼ... አንድ የማውቀው ደግ ሰው አለ። ስሙ ምን ያደርግልዎታል? ደግነቱ ይበቃል። እንዴት ያለ ርኅሩኅ መሰለዎት! የሚሰቃይ ካየ ዓይኑን ይጨፍናል... በቃ፣ ይጨፍናል። ከዚህ በላይ ምን ያድርግ? ውሻ በበላበት ይጮኻል ይላሉ አይደል? እሱ ደግሞ በተመሰገነበት ይጮኻል። ሲያቅፍ ሰው ሁሉ አየው፣ ሲስም ሰው ሁሉ አየው። ምንጣፍ ሲያጥብ ግን ያየው የለም። ያን ዕለት ብርሃኑ ጥሩ አልነበረም መሰለኝ...»

ፎቶ አንሺው ስልኩን ጭኑ ላይ ደፋው። ድመት ይዛ የመጣችው ሴትዮ ጆሮዋን ቀሰረች።

«እውነቱን ልንገርዎት? ጥፋቱ የእርስዎ ነው። ጨው ለራስህ ብለህ ጣፍጥ፣ አለበለዚያ ድንጋይ ነው ብለው ይጥሉሃል ይባላል። እርስዎ ግን አበዙት! ደምዎ ድረስ ጣፈጡ። ይሄን ማን ይችለዋል? ታሞ ከመማቀቅ አስቀድሞ መጠንቀቅ የሚባለውም ድሮ ቀረ። የዘንድሮው ታሞ ከመማቀቅ አስቀድሞ መሸኘት ነው። ሰልችቶት ነው እንዳይሉኝ፣ ኧረ በጭራሽ! ለእርስዎ አስቦ ነው። እርስዎ የክር ጥቅልሌን ነጥቀው አልጋ ሥር ሲገቡ፣ ጎረቤት ድረስ ኳስ ሲያሳድዱ... እሱ በሩቅ ሆኖ ስቃይዎን አይቶ አንጀቱ ተላወሰ። እኔ ሞኟ ደስታ መስሎኝ!»

ጋሼ ሲወራላቸው ደስ ይላቸዋልና ጅራታቸውን ወለሉ ላይ መታ መታ አደረጉ። ባለድመቷ ሳቋን በመሐረብ አፈነች። ልብስ ሰፊዋ አልሳቀችም። ድምጿን ዝቅ አደረገች፤ እሷ ደግሞ ዝቅ ስታደርግ ነው የሚብሰው።

«አስም የነበረበት አንድ ልጅ ትዝ አለኝ። ብርድ በገባ ቁጥር ደረቱ እንደ አሮጌ በር ሲጥ ሲጥ ይላል። እናቱ ደረቱን ታሻለች፣ አባቱ ከመድኃኒት ቤት መድኃኒት ቤት ይንከራተታል፣ እህቱ ፎጣ አልብሳ እንፋሎት ታጥነዋለች። እሱም ዕድሜ ልክ ነው ተብሎ ነበር። እና ይገርምዎታል ጋሼ፣ ከዚያ ሁሉ ዘመድ አንድ አስተዋይ ጠፋ! «ልጁ ከሚሰቃይ ቢያርፍ አይሻልም?» ያለ ሰው አልነበረም። ኋላ ቀሮች፣ ምን ያውቃሉ? ዝም ብለው አሳደጉት። እንዲያውም ሲያድግ መልከ መልካም ሆነ አሉ... ጢሙም ያምርበታል።»

ፎቶ አንሺውን ሳል ያዘው። ሳያስበው እጁን ኪሱ ከትቶ በአፍ የሚሳበውን የአስም መድኃኒቱን ዳበሰ።

«ክፉ ሰዎች ደግሞ ምን ቢሉ ጥሩ ነው? ርኅራኄ አይደለም፣ መርፌ ፈርቶ ነው ይላሉ! እኔ መቼም አላምን። ያን የሚያህል ጎልማሳ? የክትባት ቀን በመማሪያ ክፍሉ መስኮት ዘሎ ያመለጠው ሌላ ልጅ ይሆናል። ሰው እኮ ይመሳሰላል...»

በሩ ተከፈተና ሐኪሟ የጋሼን ባለቤት ጠራች። ሦስቱም ገቡ። ጋሼ ምርመራ ጠረጴዛው ላይ ወጥተው እንደ ዳኛ ተሰየሙ። ሐኪሟ በሽታው የማይድን ቢሆንም መርፌያቸውን በየዕለቱ ከወሰዱ ደኅና ሆነው ገና ብዙ ሊኖሩ እንደሚችሉ አስረዳች። ፎቶ አንሺው ከመወሰኑ በፊትም፣ አለች፣ መርፌ መውጋት የሚያስፈራ እንዳልሆነ እንዲያይ ስፖንጅ ላይ ይሞክረው። ውሃ የተሞላች ቀጭን መርፌ ሰጠችው።

ፎቶ አንሺው መርፌዋን አነሣ። ጫፏ ላይ አንዲት ጠብታ ተንጠለጠለች። ጠብታዋን አየ፣ ስፖንጁን አየ፣ ጣሪያውን አየ... ከዚያ ግድግዳውን ታክኮ እንደ እርጥብ ካፖርት ቁልቁል ተንሸራተተ። ስፖንጁ አልተነካም።

ሐኪሟና ልብስ ሰፊዋ እግሩን ከፍ ሲያደርጉ ጋሼ ከጠረጴዛው ዱብ ብለው ደረቱ ላይ ወጡ። ከግንባሩ እስከ አገጩ ይልሱት ጀመር። ዓይኑን ሲገልጥ መጀመሪያ ያየው የእሳቸውን ሽበት ነው። ገፍቶ አላወረዳቸውም። እጁን አንገታቸው ላይ ጣለና ቀና ብሎ እህቱን አያት፤ «ይኑሩ» ለማለት ራሱን ነቀነቀ። በስልክ እንዲያ ሲፈላሰፍ የነበረው ሰው ነው እንግዲህ።

ልብስ ሰፊዋ ጊዜ አላባከነችም። መርፌ እንጀራዋ ነው። ሐኪሟ መድኃኒቱን ለክታ ሰጠቻትና ቦታውን አሳየቻት፤ እሷም የጋሼን ቆዳ እንደ ጨርቅ ቆንጠጥ አድርጋ ወጋች። ጋሼ የሚልሱት ፊት ስለነበራቸው አልተሰማቸውም። ስምምነቱም እዚያው ወለሉ ላይ አለቀ፦ መውጋቱ የእህት፣ ጠዋት ማታ እየመጣ የጋሼን ጭንቅላት መያዙ የወንድም። ዓይኑን መጨፈን ይችላል።

ሲወጡ ፎቶ አንሺው ግድግዳ ይዞ ነበር የሚራመደው። ባለድመቷ በትልቅ ጉጉት ቀና አለች። ልብስ ሰፊዋ ልቧ ቀልሏታል፤ ያንን «ቢያርፍ አይሻልም?» ግን ገና አልረሳችውም። በርከክ ብላ የጋሼን ማሰሪያ አስተካከለችና በዚያ ማር በሚያንጠባጥብ ድምጿ እንዲህ አለች፦

«በሉ ጋሼ፣ ያንን ደግ ሰው እንመርቀው። ዕድሜ ይስጠው። ይሸብት፣ ይጃጅ፣ ሰው የሚጦረው ሽማግሌ ይሁን። አልጋ ላይ የዋለ ዕለትም ባዶ ቤት አያስቀረው... ቁርጥ እሱን የመሰለ፣ እንደ እሱ አንጀተ ቡቡ የሆነ፣ ስቃይ ማየት የማይችል ልጅ ከራስጌው አይጥፋ። አሜን ይበሉ እንጂ!»