ስታዲየም የተሳለመው በረከተ

አሜሪካ፣ ማሪዬታ ያለውን ጎረቤቴን በረከተን ታውቁት የለ? ልጁ ሜሮን ራቅ ያለ ኮሌጅ ገብታ እዚያው ለመኖር ብትለምነው፣ «ቤተ ክርስቲያን የሌለበት አገር አልሰድሽም» ብሎ ድርቅ አለ። በመከር አንድ ቀን ካምፓሱን እንይ ተብሎ ሦስታችን ሄድን። ቅጠሉ ቀልቶ ዛፉ ሁሉ እሳት የለቀቁበት መስሏል። ፓርክ የምናደርግበት ስንፈልግ ጢሜ አድጎ ደረቴ ደረሰ። በመጨረሻ አንድ ማማ ያለው የቀይ ጡብ ሕንፃ ፊት ቆምን። በረከተ ኮፍያውን አወለቀ፣ አማተበ፣ ግድግዳውን ሦስት ጊዜ ሳመ። ለካ በእጅ ይዘው እየተጋፉ የሚጫወቱት የአሜሪካ ኳስ ስታዲየም ነበር። ሜሮን «እንዳይነግሩት» በሚል ዓይን አየችኝ።

«ጋሼ፣ ታቦቱ የማን ነው?» አለኝ በረከተ።

«ደጁ ላይ ጆርጂያ ይላል። በእኛ ጊዮርጊስ መሆኑ ነው» አልኩት። ዋሸህ አትበሉኝ፤ ስሙ አንድ ነው።

«እንግዲህ እሱ ይጠብቅሽ» ብሎ ለልጁ ፈቀደላት።

በዓመቱ፣ ቅዳሜ ዕለት፣ ሊጠይቃት ሄዶ ከዚያው ደወለልኝ። ከኋላው የሚሰማው የሕዝብ ጩኸት ጆሮዬን ሊበጥሰው ነው። «ጋሼ፣ ይሄ ጊዮርጊስ ያሉኝ ቦታ ሰው ሰው ላይ እየተከመረ ነው» አለኝ።

«ጠበል ሲረጭ ሰይጣን በሰላም የሚወጣ መሰለህ?» አልኩት።

ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋው። ልጁን ግን አላስወጣትም። አሁን በየቅዳሜው የቡድኑን ቀይ ቲሸርት ለብሶ ከእሷ ቀድሞ ደጁ ላይ የሚገኘው እሱ ነው። እሁድ ቅዳሴ ላይ ግን ካየነው ሰነበትን።