የፈረስ ጠባቂው ስም

አትላንታ ውስጥ የቻምብሊ ባቡር ጣቢያ በተከፈተ በዓመቱ፣ አንድ ረቡዕ ማምሻ፣ አቶ ገብረሕይወት መሀል ከተማ ዳውንታውን ካለው የመኪና ማቆሚያ ሥራቸው ሲመለሱ ከባቡሩ በር ላይ ከወይዘሪት የምሥራች ጋር ተገጣጠሙ። የምሥራች የልጃቸው የብዙነሽ ረዳት አስተማሪ ናት።

«ጋሽ ገብረሕይወት፣ ነገ ልጆቹን ሙዚየም የምንወስድበት ፊልድ ትሪፕ አለን። የብዙነሽን ፎርም ሳይን አላደረጉም፤ ካልፈረሙ ከክፍሉ እሷ ብቻ ትቀራለች» አለቻቸው።

ሽማግሌው ፊታቸውን አጠቆሩ። በደርግ ጊዜ ወንድማቸው ሳያነብ በፈረመው ወረቀት ታስሮ ስለ ቀረ፣ ፊርማ ማለት ለእሳቸው አንገትን ማስያዝ ነበር። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባል የለ።

«ፊርማውስ ይቅር። ልጄን የላክኋት ሒሳብና ንባብ እንድትማር ነው። ታሪክ የነገሥታት ነው፤ የዚህ ሰፈር የሱቅና የሐዲድ ወሬ ምን ይረባታል?»

«ወረቀቱን ላንብብልዎት። በአውቶቡስ እንድትሄድ ፈቅጃለሁ፣ ብትታመም በዚህ ስልክ ጥሩኝ ነው የሚለው፤ ሌላ ቃል የለበትም። ታሪኩን በተመለከተ ግን ልጅቷ የምትኖረው እዚህ ነው። የምትረግጠውን መሬት ማን እንዳቀናው ካላወቀች በገዛ ቤቷ እንግዳ ሆና ታድጋለች። ወር ሙሉ ክፍል ውስጥ የከተማውን ካርታ ስትሥል ከርማ አሁን ትቅር?»

«የእኛን ትረሳለቻ።»

«መጠየቅ የለመደ ልጅ የእርስዎንም ይጠይቃል። ነገ ከሥራ ኦፍ ከሆኑ አብረውን ይምጡና ይፍረዱ።»

እምቢ ሊሉ ነበር። ነገር ግን ልጃቸው ባዶ ክፍል ውስጥ ለብቻዋ ተቀምጣ ታየቻቸው። ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አስነብበው ፈረሙ።

በማግሥቱ ብዙነሽ እጃቸውን ይዛ ሙዚየሙን አዞረቻቸው። አትላንታ የባቡር ሐዲድ ማብቂያ ላይ ከተተከለ አንድ ችካል እንደ ተጀመረች፣ በጦርነት ተቃጥላም እንደገና እንደ ተሠራች ነገረቻቸው። ከዚያ አንድ አሮጌ ፎቶግራፍ ፊት አቆመቻቸው።

«አባዬ፣ ይሄ እኮ የአንተ ፓርኪንግ ሎት ነው። ኮርነሩን እየው።»

እውነትም ማዕዘኑ ያው ነው። እሳቸው መኪና በሚደረድሩበት ቦታ ፈረሶች ታስረው ቆመዋል፤ በመካከላቸው አንድ ጥቁር ሰው ልጓም ይዞ ይታያል። ብዙነሽ ከሥሩ የተጻፈውን ተረጎመችላቸው፤ «አይዛክ ቲልማን፣ ሠላሳ ዓመት የገበያተኛ ፈረስ ጠበቀ።»

አቶ ገብረሕይወት ባርኔጣቸውን አወለቁ። ስድስት ዓመት በዚያ ሰው ዱካ ላይ ቆመው ኖረው አንድ ቀን እንኳ ስለ እሱ ሰምተው አያውቁም ነበር። ሰውየው አልነገሠም፣ ጦር አልመራም፤ ስሙ ግን አለ።

«ለካ ፈረስ የጠበቀም ይጻፋል» አሉ በዝግታ።

«የሚጠይቅ ካገኘ ይጻፋል» አለች የምሥራች።

እንዲህ ነው ነገሩ። የሰፈሩን ታሪክ የሚማር ልጅ በሄደበት አይሸማቀቅም፤ የጥንቱን ሠራተኛ ያከበረም በአባቱ ሥራ አያፍርም። ይህን ከመጽሐፍ ብቻ ማስተማር ይቻል እንደሆነ እንጃ፤ አቶ ገብረሕይወት ግን በዓይናቸው አይተው አመኑ።

ብዙነሽ ደብተሯን ገለጠች። «በከተማችሁ የሚሠራ አንድ ሰው ጠይቁ» የሚለው ገጽ ገና ባዶ ነበር፤ ባለፈው ሳምንት አባቷ «የእኔ ሥራ ምን ይጻፍለታል» ብለው መልሰዋታል።

«አባዬ፣ የመጀመሪያ ቀን እዚያ ስትቆም ምን አየህ?»

አግዳሚው ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ ጉሮሯቸውን ጠረጉና በመጀመሪያ ስማቸውን ከነአባታቸው ከነአያታቸው አስጻፏት።