ሰላምታ የማያውቀው ፕሮግራም

አክስቴ እትዬ ዘሀራ ዕድሜያቸውን ሙሉ እዚሁ መካነ ሰላም ከተማ ቢሮ ለቢሮ ሲተይቡ ኖረው ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው። ታዲያ ፓይተን የሚባለውን የኮምፒውተር ቋንቋ መማር ስጀምር፣ የመጀመሪያዋን ፕሮግራሜን እንዲሞክሩልኝ ብዬ ላፕቶፑን ፊታቸው አስቀመጥኩ። ጥቁሩ ስክሪን ላይ «ስም ያስገቡ፦» የሚል ወጣና መልስ ይጠብቅ ጀመር። እሳቸው ግን እጃቸውን ሰበሰቡ።

«እንዴት ዋሉ ሳይለኝ ስሜን ይጠይቀኛል? የማን ልጅ ነው ይሄ!»

አፈርኩና ከስሙ በፊት «እንዴት ዋሉ?» የሚል መስመር ጨመርኩ። «አልሐምዱሊላህ፣ አንተስ?» ብለው ጽፈው ኢንተር የሚለውን ቁልፍ ቢጫኑ፣ የኔው ጉድ መልስ ሳይሰጥ ስም ጠየቀ። ይሄንንም አስተካከልኩ። ስማቸውን ነግረውት ሊመርቁት ሲሉ ደግሞ ተዘጋባቸው! በመጨረሻ እስኪበቃቸው እየጠበቀ፣ ለጻፉት መስመር ሁሉ «አሚን» እንዲል አደረግሁት።

ያኔ ጣቶቻቸው እንደ ድሮው ፈጠኑ። «ዕድሜ ይስጥህ።» አሚን አለ። «ከክፉ ይጠብቅህ።» አሚን አለ። «ይሄን የሠራልኝን ልጅ አላህ ያኑርልኝ» ብለው ሲጽፉ፣ ገና ኢንተርን ሳይነኩ እኔ ከኋላቸው «አሚን!» አልኩ።

ዞር ብለው ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ።

«አንተን ማን ጠየቀህ? እኛ እያወራን አይደል እንዴ!»